ምዕራፍ 7፦ «ቤቶች!» ሳይሉ መግባት

ሜይ 20 ቀን 2024 ማይክሮሶፍት በአሜሪካ ሬድመንድ በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤቱ ግቢ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ አዲስ ዓይነት ኮምፒውተር አስተዋወቀ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዕለቱ ጌጥ «ሪኮል» የተባለ አገልግሎት ነበር። ሐሳቡን ሲሰሙት ደስ ይላል። ሰው ከሁለት ሳምንት በፊት ያነበበውን ደብዳቤ፣ ዋጋውን አይቶ ያለፈውን ጫማ የት እንዳየው ይረሳል፤ ኮምፒውተሩ ግን አይረሳም። በየጥቂት ሰከንዱ የስክሪኑን ፎቶ እያነሳ ያስቀምጣል። በውስጡ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ ከፎቶው ላይ ጽሑፉንና ምስሉን ያነባል። ባለቤቱ «ያ ሰማያዊ ጫማ» ብሎ ሲጽፍ የዚያን ቀን ገጽ አውጥቶ ያሳየዋል። ማይክሮሶፍት ኮምፒውተሩ የማይረሳ፣ ፎቶ የሚያነሳ አእምሮ እንዳገኘ አድርጎ ነበር ያቀረበው።

ወር እንኳ ሳይሞላ ሪኮል ገበያ ሳይደርስ ወደ ጓዳ ተመለሰ።

ኩባንያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ነበረው። ፎቶዎቹ ከኮምፒውተሩ አይወጡም፣ ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨር አይላኩም፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ለማሰልጠንም አይውሉም። ይህ እውነት ነበር። ሕዝቡ የጠየቀው ግን ሌላ ነበር። 256 ጊጋባይት ማከማቻ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሪኮል 25 ጊጋባይቱን ይይዛል፤ ይህም የሦስት ወር ገደማ ፎቶ ያስቀምጣል። አንድ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ያየው፣ የጻፈው፣ የገዛው፣ የተጣላውና የታረቀው ሁሉ በአንድ ሣጥን ተከማችቶ ሲቀመጥ፣ ሣጥኑ ከቤት አለመውጣቱ ብቻውን ምን ያጽናናል? ቁልፉስ?

ስለ ቁልፉ የጠየቁት ባለሙያዎች ናቸው። ቀድሞ በማይክሮሶፍት የሠራው የሳይበር ደኅንነት ባለሙያ ኬቨን ቦሞንት አገልግሎቱን ፈትሾ ያገኘውን ይፋ አደረገ። ሪኮል ከፎቶዎቹ ላይ የለቀመው ጽሑፍ በሙሉ የተቀመጠው ኤስኪውላይት በሚባል ተራ ዳታቤዝ ውስጥ ነበር፤ ባለቤቱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ እስከገባ ድረስ ጽሑፉ ሳይመሰጠር እንዳለ ይነበባል። በጁን መጀመሪያ አሌክሳንደር ሃገና የተባለ ሌላ ባለሙያ ይህንኑ በተግባር አሳየ። በ1990 በወጣው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ስም «ቶታል ሪኮል» ብሎ የጠራው ትንሽ ፕሮግራም ዳታቤዙን አንስቶ፣ ውስጡን ፈትሾ፣ የሚፈለገውን መዝዞ ያወጣል። ማንም ሊሞክረው ይችል ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩ ለምን ከባድ እንደሆነ መረዳት ያሻል። በኢንተርኔት ላይ ዓመታት ካስቆጠሩት ቫይረሶች መካከል አንድ ወገን ሥራው መልቀም ብቻ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ የተቀመጡ የይለፍ ቃላትን ይሰበስባል፤ ለጌታው ልኮ ይጠፋል። እስከዚያን ጊዜ እንዲህ ያለው ሌባ የሚወስደው የተቀመጠውን ብቻ ነበር። ሪኮል ባለበት ኮምፒውተር ግን የታየውንም ይወስዳል። አንብበው ያጠፉት መልእክት፣ ተከፍቶ የተዘጋ የባንክ ገጽ፣ ለሐኪም የተጻፈ ጥያቄ ሁሉ እዚያ አለ። ማይክሮሶፍት ራሱ ሪኮል የይለፍ ቃልንና የሒሳብ ቁጥርን ከፎቶው ላይ እንደማይሸፍን ጽፎ ነበር። ሌባውን ደግሞ ሁልጊዜ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። የሚስቱን ኮምፒውተር መክፈቻ ቁጥር የሚያውቅ ቀናተኛ ባል የሦስት ወር ታሪኳን እንደ ፊልም ወደ ኋላ እየመለሰ ማየት ይችል ነበር። የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ማይክሮሶፍትን ማብራሪያ ጠየቀ።

ጊዜው ለኩባንያው ከዚህ የከፋ ሊሆን አይችልም ነበር። በ2023 ከቻይና ጋር ግንኙነት አላቸው የተባሉ ሰርጎ ገቦች በማይክሮሶፍት በኩል ገብተው የአሜሪካ የንግድ ሚኒስትሯንና በቤጂንግ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩትን ባለሥልጣን ኢሜይል አንብበዋል። ጉዳዩን ያጣራው የአሜሪካ መንግሥት ቦርድ በኤፕሪል 2024 ባወጣው ሪፖርት ጥቃቱ መከላከል ይቻል እንደነበር ጽፎ ስሕተቱን በኩባንያው ላይ አሳረፈ። ሜይ 3 ቀን ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሳትያ ናዴላ ለሠራተኞቻቸው ደብዳቤ ጻፉ፤ ደኅንነትና ሌላ ሥራ ከተጋጩ ደኅንነትን ምረጡ የሚል ነበር። በ17ኛው ቀን ሪኮል መድረክ ላይ ወጣ። ጁን 13 ቀን ደግሞ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ብራድ ስሚዝ በተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው ስለዚያ ጥፋት ኃላፊነት ሲወስዱ፣ በዚያው ዕለት ማይክሮሶፍት ሪኮል ከአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ጋር እንደማይወጣ አስታወቀ። እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ልብ ወለድ ውስጥ ቢገባ አንባቢ አያምነውም።

ሆኖም ሰውን ያስቆጣው የዳታቤዙ አሠራር ብቻ አልነበረም። አብዛኛው ሰው ኤስኪውላይት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ አገልግሎቱ በርቶ ነበር የሚመጣው። አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ማሽኑን ሲያዘጋጅ ሪኮል እንዳለ ይነገረዋል፤ ካልፈለገ ዝግጅቱን ከጨረሰ በኋላ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ያጠፋዋል። በአገራችን እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥ «ደጆች!» እስኪባልም ይጠብቃል። ሪኮል ግን ሳሎን ገብቶ፣ ወንበር ስቦ ከተቀመጠ በኋላ «ካልፈለጋችሁኝ እወጣለሁ» እንደሚል እንግዳ ነበር።

በርቶ መምጣትና ጠፍቶ መምጣት ትንሽ ልዩነት ይመስላል። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ግን ትንሽ እንዳልሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። አብዛኛው ሰው ሴቲንግ አይነካም። ስለዚህ በርቶ የመጣ አገልግሎት በርቶ ይኖራል፤ ጠፍቶ የመጣም ጠፍቶ ይቀራል። መሐንዲሱ ፋብሪካ ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያውን ወዴት አዙሮ እንደላከው ሚሊዮኖች የሚኖሩበትን ሁኔታ ይወስናል። ዝምታን እንደ እሺታ የመቁጠር ጥበብ ብንለው አናጋንንም።

ጁን 7 ቀን የዊንዶውስ ኃላፊው ፓቫን ዳቩሉሪ ይፋ ባደረጉት ማሻሻያ ውስጥ የመጀመሪያው ነጥብም ይኸው ነበር። ሪኮል ባለቤቱ ራሱ ካላበራው አይበራም። ታሪኩን ለማየት በፊት ገጽታ፣ በጣት አሻራ ወይም በመክፈቻ ቁጥር ማንነትን ማረጋገጥ ግድ ሆነ። ዳታቤዙም ተመሰጠረ። በሴፕቴምበር ኩባንያው መረጃው በኮምፒውተሩ ውስጥ ከሌሎች ፕሮግራሞች ተነጥሎ በተዘጋ ክፍል እንደሚቀመጥ አስታወቀ፤ የማይፈልግ ሰውም ከነጭራሹ ሊያራግፈው እንደሚችል ገለጸ። ሪኮል ለሙከራ በኖቬምበር 2024፣ ለሁሉም ሰው ደግሞ በኤፕሪል 2025 መጨረሻ ወጣ። ከሬድመንዱ ድግስ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት መሆኑ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ተመልሶ የመጣው ሪኮል ከሄደው በእጅጉ የተሻለ ነበር። ከተቃውሞ በኋላ ኩባንያዎች ከሚያደርጉት አብዛኛው ማስተባበያ ብቻ በሆነበት ዓለም ይህ መመዝገብ አለበት። ግን አንድ ነገር ሳይፈታ ቀርቷል፤ ያንንም ያሳየው ማይክሮሶፍት ሳይሆን ሲግናል ነው።

ሲግናል የሰዎችን መልእክት ከራሱም ጭምር በመሰወር የሚታወቅ የመልእክት መተግበሪያ ነው። በሜይ 2025 በዊንዶውስ 11 ላይ ያለውን መተግበሪያውን አሻሻለ፤ ከዚያ ወዲህ ሪኮል የሲግናልን መስኮት ፎቶ ሲያነሳ የሚያገኘው ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ሆነ። ዘዴው አስቂኝ ነው። ፊልም አከፋፋዮች ሥራቸው ከስክሪን ላይ እንዳይቀዳ የሚጠቀሙበትን መቆለፊያ ተውሶ ለሰዎች ጨዋታ አዋለው። ማይክሮሶፍት የመተግበሪያ ሠሪዎች «የእኛን አታንሳ» የሚሉበትን ቀና መንገድ ስላልሰጠ ሌላ አማራጭ እንዳልነበረውም ኩባንያውን እየወቀሰ አስረዳ። ዋጋም ነበረው፤ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ስክሪን የሚያነቡ አንዳንድ ፕሮግራሞች በዚህ መቆለፊያ ሊደናቀፉ ይችላሉ። ከሁለት ወር በኋላ ብሬቭ የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ በራሱ መንገድ ሪኮልን ከለከለ።

ሲግናል የነካው ቁም ነገር ይህ ነው። ሪኮልን ማብራት የኮምፒውተሩ ባለቤት ውሳኔ ሆኗል፤ መልካም። ግን መልእክት ሁለት ሰው አለው። አንዲት ሴት ለጓደኛዋ ከአንድ ቀን በኋላ በራሱ የሚጠፋ መልእክት ትልካለች፤ ጓደኛዋ ኮምፒውተር ላይ ሪኮል በርቶ ከሆነ፣ ያ መቆለፊያ ባይኖር መልእክቱ ከሲግናል ጠፍቶ ከፎቶው ላይ ይኖር ነበር። ጓደኛዋ ፈቅዳለች። ላኪዋን ማን ጠየቃት?

እስካሁን ያለው አንድ አገልግሎት ያስነሳው ቁጣ ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም የተነሱት ብዙዎቹ ተቃውሞዎች ግን አገልግሎት እንኳ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃቸው።

በኦገስት 2023 የቪዲዮ ስብሰባ መተግበሪያ በሆነው በዙም የአገልግሎት ውል ውስጥ ያለ አንቀጽ ድንገት ሰው ዐይን ውስጥ ገባ። አንቀጹ የተጻፈው በማርች ነው፤ አምስት ወር ሙሉ ያነበበው ያለ አይመስልም። ይዘቱ በሰፊው ሲነበብ ዙም የደንበኞቹን ይዘት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥልጠና እንዲጠቀም ፈቃድ የሚሰጥ ነበር። ዙም ላይ ደግሞ ሐኪም ከታካሚ፣ ጠበቃ ከደንበኛ፣ መምህር ከተማሪ፣ እናት ከውጭ ካለ ልጇ ጋር ይነጋገራሉ። ኩባንያው በኦገስት 7 አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፦ ድምፅ፣ ምስልና የጽሑፍ መልእክት ያለ ፈቃዳችሁ ለሥልጠና አንጠቀምም። ቁጣው አልበረደም። አንድ ሰብሳቢ ለሁሉም ተሳታፊ ይፈቅዳል ማለት ነው ወይ ተባለ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ኤሪክ ዩዋን የውስጥ አሠራር ስሕተት መፈጠሩን አምነው ጻፉ፤ በኦገስት 11 «ያለ ፈቃዳችሁ» የሚለው ተነሥቶ «አንጠቀምም» ብቻ ቀረ። በአራት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ውል የቀየረ ግዙፍ ኩባንያ ብዙ አይገኝም። ዙም እንዲህ የፈጠነው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በ2020 ስለ ምስጠራው ያልሆነውን ነግሯል ተብሎ ከአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጋር ስምምነት ፈርሞ፣ በ2021 ደግሞ ከግል ሚስጥር ጋር የተያያዘ የጋራ ክስ ለመዝጋት 85 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነበር።

የአዶቢ ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። በጁን 2024 የአዶቢን የምስል ማስተካከያ ፎቶሾፕን የከፈቱ የፎቶና የግራፊክስ ባለሙያዎች አዲስ ውል ስክሪናቸው ላይ ተደቅኖ አገኙት። ካልተስማሙ ሥራ የለም። ውሉ አዶቢ ይዘታቸውን በማሽንም በሰውም ሊያይ እንደሚችል ይናገራል። ለአንድ ተራ ተጠቃሚ ይህ አሰልቺ ጽሑፍ ነው። የደንበኛውን ሚስጥር ለመጠበቅ የፈረመ ዲዛይነር ግን ደነገጠ፤ ገና ያልወጣ ፊልም ፖስተር ወይም ገበያ ያልደረሰ ዕቃ ሥዕል ኮምፒውተሩ ላይ አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ አዶቢ «ፋየርፍላይ» የተባለ ሥዕል ፈጣሪ ሞዴል ነበረው፤ ሠዓሊያን የሚፈሩትም እንጀራቸውን የሚነጥቀው ማሽን በራሳቸው ሥራ እንዳይሰለጥን ነው።

አዶቢ የሰጠው መልስ ዓይነተኛ ነው፦ ተሳስታችሁ አንብባችሁናል። በከፊል እውነት ነበረው። እንዲህ ያሉ ሐረጎች በውሎች ውስጥ ለዓመታት ኖረዋል። ኩባንያው የተጠቃሚን ምስል በትንሹ አሳንሶ ለማሳየት፣ ለሌላ ሰው ለማጋራት፣ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወንጀል የሚያሳይ ምስል ሰርቨሩ ላይ እንዳይቀመጥ ለመፈተሽ ሕጋዊ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጠበቆችም ፈቃዱን ሲጽፉ ነገ ለሚመጣውም ጭምር እንዲበቃ አስፍተው ይጽፋሉ፤ ለሚያድግ ልጅ ልብስ ሰፋ ተደርጎ እንደሚሰፋው። ከ2022 መጨረሻ፣ ከቻትጂፒቲ መምጣት በኋላ ግን ያ ስፋት ትርጉሙ ተለወጠ። ያው ሐረግ ትናንት «ፎቶህን ለጓደኛህ አሳይልሃለሁ» ማለት ነበር፤ ዛሬ «ፎቶህን ለማሽኔ እቀልበዋለሁ» ሊሆን ይችላል። አንባቢው አልተሳሳተም። ዓለም ተቀይሮ ውሉ አልተቀየረም ነበር።

አዶቢ የደንበኞቹን ሥራ ለፋየርፍላይ ሥልጠና እንደማይጠቀም ቀድሞም ሲናገር ኖሯል። የጎደለው ነገር ቃሉ ውሉ ውስጥ አለመግባቱ ነበር። ጁን 18 ቀን በወጣው አዲስ ውል ገባ። ያለ ጩኸቱ ይገባ ነበር ወይ? የጁኑ የመጀመሪያ መግለጫ ማብራሪያ እንጂ ለውጥ አልነበረም፤ ለውጡ የመጣው ሰዎች በማብራሪያው አንረካም ካሉ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ያየ ኩባንያ ከሌላው ስሕተት ይማራል ብሎ መጠበቅ ይቻላል። በጁላይ 2025 ግን ትልልቅ ፋይል ለመላክ የሚያገለግለው የኔዘርላንዱ ዊትራንስፈር በውሉ ውስጥ ስለ ማሽን ሥልጠና የሚናገር ሐረግ ጨመረ። ጩኸት፣ ማብራሪያ፣ ሐረጉን ማውጣት። ሁሉም በጥቂት ቀናት ውስጥ አለቀ፤ ሐረጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ኦገስት 8 እንኳ አልደረሰም ነበር።

ከሁሉም ይልቅ ስለ ማፈግፈግ ሲነሳ ሊጠና የሚገባው አፕል ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ጊዜ እውነተኛ ማፈግፈግ አድርጓል። በ2019 ክረምት የብሪታንያው ጋርዲያን ጋዜጣ በኮንትራት የተቀጠሩ ሠራተኞች የኩባንያውን የድምፅ ረዳት የሲሪን ጥራት ለመመዘን የድምፅ ቅጂዎችን እንደሚያዳምጡ አጋለጠ። ሲሪ በስሕተት ስትነቃ የተቀዱ የሐኪም ቤት ንግግሮችና የመኝታ ቤት ድምፆች ሳይቀሩ ከቅጂዎቹ መካከል ነበሩ። አፕል ሥራውን አቆመ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁ የሚደመጠው ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ እንዲሆን አደረገ። በርቶ ይመጣ የነበረው ጠፍቶ መምጣት ጀመረ። ጉዳዩ ግን አልሞተም፤ ሲሪን የተመለከተ የጋራ ክስ ለመዝጋት ኩባንያው በ2025 መጀመሪያ 95 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ጥፋት አለብኝ ግን አላለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የከበደ ነበር። ኦገስት 5 ቀን 2021 አፕል በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት የሚያሳዩ ምስሎችን ለመለየት አዲስ ዘዴ አስታወቀ። ወደ አፕል የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ወደ አይክላውድ፣ የሚጫን እያንዳንዱ ፎቶ ስልኩ ውስጥ እያለ ወደ አኃዛዊ አሻራ ይለወጣል፤ አሻራው በሕፃናት ጥበቃ ድርጅቶች ከታወቁ ምስሎች ዝርዝር ጋር ይነጻጸራል፤ 30 ያህል ተመሳሳይ ምስል ሲገኝ የሰው ዐይን ያየዋል። ዓላማውን የሚቃወም አልነበረም። የሕፃናት መብት ተከራካሪዎችም ዘዴውን በደስታ ነበር የተቀበሉት፤ ደስታቸውም ተገቢ ነበር።

ጥያቄው ዝርዝሩን ነገ የሚሞላው ማን ነው የሚለው ሆነ። ስልኩ ሕገወጥ ፎቶ መፈለግ ከቻለ፣ አንድ መንግሥት የተከለከለ ባንዲራ ወይም የተቃዋሚ መሪ ፎቶ ይፈልግልኝ ቢልስ? ከ90 በላይ ድርጅቶች ለአፕል ደብዳቤ ጻፉ። ተመራማሪዎች የአሻራ ማውጫውን ፕሮግራም ከስልኩ ውስጥ አውጥተው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ምስሎች አንድ ዓይነት አሻራ ሊኖራቸው እንደሚችል በሁለት ሳምንት ውስጥ አሳዩ። አፕል በሴፕቴምበር 3 ዕቅዱን አዘገየ፤ በዲሴምበር 2022 ከነጭራሹ ተወው። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ2023 የሕፃናት ጥበቃ ተከራካሪዎች ዕቅዱ ይመለስ ብለው ሲጠይቁ፣ የአፕል ኃላፊ ኤሪክ ኖይንሽዋንደር የሰጡት መልስ ተቃዋሚዎቹ በ2021 ያሉት ነበር ማለት ይቻላል፦ ፎቶ መፈተሽ ለሌቦች አዲስ በር ይከፍታል፣ አንድ ነገር መፈለግ ሌላም ወደ መፈለግ ይወስዳል። የተሸነፈው ወገን የአሸናፊውን ክርክር ወርሶ ሲናገር ማየት በቴክኖሎጂ ዓለም ብርቅ ነው። ተስፋ አድርገው የነበሩት የሕፃናት ተከራካሪዎች ግን ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ ይህ የታሪኩ ክፍል ብዙ ጊዜ አይነገርም።

ሜታ ጋ ሲደረስ ሌላ ዓይነት ኃይል ይታያል። ኩባንያው በ2024 የአውሮፓ ተጠቃሚዎች በፌስቡክና በኢንስታግራም በይፋ ያወጡትን ጽሑፍና ፎቶ ከጁን 26 ጀምሮ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥልጠና እንደሚጠቀም አሳወቀ። ሰዉ ተቆጣ። ሜታን ግን ቁጣ ብዙ አያስደነግጠውም፤ ቁጣን ለምዷል። ያስቆመው በኦስትሪያዊው የሕግ ባለሙያ ማክስ ሽሬምስ የሚመራው ኖይብ የተባለ ድርጅት በ11 የአውሮፓ አገሮች አቤቱታ ማስገባቱ፣ ከዚያም የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን መጠየቁ ነው። ጁን 14 ቀን ዕቅዱ ቆመ። በጁላይ መጀመሪያ የብራዚል የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በበኩሉ ሥልጠናውን አግዶ፣ ትእዛዙ ለተጣሰበት ለእያንዳንዱ ቀን 50,000 ሪያል ቅጣት ወሰነ። በዚያው ክረምት ማኅበራዊ ሚዲያው ኤክስም ግሮክ የተባለውን ሞዴሉን በአውሮፓውያን ጽሑፍ እንዳያሰለጥን በአየርላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተከሶ ለማቆም ተስማማ።

ሕዝቡ ደግሞ የራሱን ሕግ አረቀቀ። በሴፕቴምበር 2024 «ቻዎ ሜታ ኤአይ» የሚል መንፈስ ያለው ጽሑፍ በኢንስታግራም በመቶ ሺዎች ተጋራ፤ ሜታ መረጃዬን እንዲጠቀም አልፈቅድም የሚል። ታዋቂው የቀድሞ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ቶም ብሬዲ ሳይቀር አጋርቶታል። ጽሑፉ በሕግ ፊት ምንም ዋጋ አልነበረውም፤ ሜታም እንዲህ አይሠራም ብሏል። ይሁንና በዚህ መሳቅ ቀላል አይደለም። ሰዎቹ አልፈልግም ማለት ፈልገው የሚሉበት ቦታ አጥተው ነው።

ብዙ ነገር የሚወሰነው በቦታው ነው። ሜታ በሜይ 2025 መጨረሻ ወደ አውሮፓ ተመልሶ ሥልጠናውን ጀመረ፤ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የኮሎኝ ፍርድ ቤት የሸማቾች ማኅበር ያቀረበውን የእግድ ጥያቄ ውድቅ አድርጎ ነበር። በመካከሉ የተለወጠው ማሳሰቢያው ግልጽ መሆኑና የተቃውሞ ቅጹ ለአጠቃቀም መቅለሉ ነው፤ ማብሪያው ግን በርቶ ቀረ። ፍራንክፈርት የምትኖር ኢትዮጵያዊት ያ ማሳሰቢያ ደርሷት ቅጹን በሁለት ደቂቃ ሞልታ መቃወም ትችል ነበር። ከፎቶዋ ሥር «እልል! እንኳን ደስ ያለሽ» ብለው በአማርኛ የጻፉት አዲስ አበባ ያሉ አክስቷ ግን የዚያ ማሳሰቢያ ተቀባይ አልነበሩም። ቅጹን የወለደው የአውሮፓ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ የራሷን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321/2016ን ያወጣችው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥጥሩንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥታለች። አውሮፓ ሕጓን ሥራ ላይ ያዋለችው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በአውሮፓውያን 2018 ነበር፤ የአየርላንዱ ኮሚሽን ሜታን በስልክ ጠርቶ ማነጋገር የሚችልበት ጡንቻ በአንድ ሌሊት አልበቀለም።

ፈቃድ አስቀድሞ ቢጠየቅ ሁሉም ይፈታ ነበር ብሎ ማሰብ ይቀላል። የቻትጂፒቲ ጉዳይ ይህን ያደፈርሰዋል። ቻትጂፒቲን የሚሠራው ኦፕንኤአይ ተጠቃሚዎች ጭውውታቸውን ለሌላ ሰው ሲያጋሩ አንዲት ትንሽ ሣጥን አቅርቦላቸው ነበር፤ ምልክት ካደረጉባት ጭውውቱ በጎግል ፍለጋ ሊገኝ ይችላል። ሣጥኗ ባዶ ነበረች፤ ምልክት የሚያደርገው ተጠቃሚው ራሱ ነው። ቢሆንም በጁላይ 2025 መጨረሻ ፋስት ካምፓኒ የተባለው መጽሔት 4,500 የሚጠጉ ጭውውቶች በጎግል ላይ እንደሚታዩ ዘገበ፤ አንዳንዶቹ ስለ አእምሮ ጤናና ስለ ትዳር ችግር የተጻፉ ነበሩ። ኩባንያው ወዲያው አገልግሎቱን አነሣ። የደኅንነት ኃላፊው ዴን ስታኪ አጭር ሙከራ እንደነበር ገልጸው፣ ሰዎች ሳያስቡት ሚስጥራቸውን የሚያወጡበት ዕድል መብዛቱን ተናገሩ። እንግዳው «ቤቶች!» ብሏል፤ «ደጆች!» ያለው ሰው ግን ማን እንደመጣ አልገባውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎች በአዲስ ነገር መፎካከር ጀምረዋል፤ ማጥፊያ በማቅረብ። ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ በዲሴምበር 2025 አዲስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሾሞ ማሰሻው ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሚሄድ ሲያስታውቅ፣ ለዓመታት ፋየርፎክስን የመረጡት ሰዎች ተነሡበት፤ እኛ የመጣነው ከዚህ ሸሽተን ነው አሉ። በቀናት ውስጥ ሞዚላ ሁሉንም እንዲህ ያለ አገልግሎት በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ እንደሚያመጣ ቃል ገባ። አገልግሎቶቹም ተጠቃሚው ካልፈለገ እንደማይበሩ አንድ ባለሙያው አስረዳ፤ ግን በዚያው ንግግሩ አንድ የሚያከራክር ነገር እንዳለ አልሸሸገም። አገልግሎቱ ጠፍቶ መጥቶ፣ ማስጀመሪያው አዝራር ግን ከማሰሻው አናት ላይ ተለጥፎ ቢመጣ፣ ተጠቃሚው ተጠይቋል ይባላል ወይስ አልተጠየቀም?